በራችንን ራሳችን እንትከል፦ ድረ ገጽን እንደ አፕ ዴስክቶፕ ላይ ስለ ማስቀመጥና ስለ አደጋው

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአገር ቤት ዜና የሚያገኘው በማን በር በኩል ነው? ጥያቄው የዋህ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ጠዋት ተነስተን ዜና ስንፈልግ በቀጥታ ወደምናውቀው ድረ ገጽ አንሄድም። ፌስቡክ ከፍተን የሚመጣልንን እንጠብቃለን፤ ዩቲዩብ የመረጠልንን እናያለን፤ ቴሌግራም ላይ የተወረወረልንን ሊንክ እንጫናለን። ሦስቱም የሰው በር ናቸው። ባለቤቱ ሲፈልግ ይከፍተዋል፣ ሲፈልግ ያጠበዋል፣ ሲፈልግ ደግሞ ይዘጋዋል።

ከዚህ ጥገኝነት በከፊል የሚያወጣ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ፣ ግን ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መንገድ አለ። ይኸውም ድረ ገጹን ራሱን በኮምፒውተራችን ዴስክቶፕ ወይም በስልካችን የፊት ገጽ ላይ እንደ አንድ አፕ መትከል ነው። ምልክቱን ሲጫኑት ገጹ በራሱ መስኮት ይከፈታል። ከላይ የተደረደሩ ታቦች የሉም፤ የአድራሻ መስመር የለም፤ ዜናው ሳያልቅ ወደ ሌላ ገጽ የሚጎትት ነገር አጠገቡ የለም። ልክ ዎርድ ወይም ዋትስአፕ እንደሚከፈት ሁሉ ይከፈታል፤ ታስክባሩ ላይም የራሱን ቦታ ይዞ ይቀመጣል።

ነገሩ ቀላል ይሁን እንጂ ለእኛ ዓይነቱ አንባቢ፣ ማለትም የአገሩን ፖለቲካ እየተከታተለ ለሚጽፍና ለሚያነብ ስደተኛ፣ ሊታወቅ የሚገባው አደጋም አለው። የምናነሳው ሁለቱንም ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በር ጠባቂዎቹ

በጃንዋሪ 2018 የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ አንድ ለውጥ አስታወቀ። ከእንግዲህ ሰዎች በገጻቸው ላይ ከዜና አውታሮችና ከንግድ ድርጅቶች ይልቅ የወዳጅና የቤተሰብ ጽሑፍ እንዲበዛላቸው ይደረጋል አለ። ለዓመታት «ላይክ አድርጉን» እያሉ ተከታይ ሲያሰባስቡ የቆዩ የዜና ገጾች፣ የሰበሰቡት ሕዝብ የእነርሱ ሳይሆን የፌስቡክ መሆኑን በደንብ የተረዱት ያኔ ነው።

በካናዳ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። የካናዳ ፓርላማ ትልልቆቹ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ለዜና አውታሮች እንዲከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ በጁን 2023 አጸደቀ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ከመክፈል ይልቅ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የዜና ሊንኮች በካናዳ ውስጥ በፌስቡክና በኢንስታግራም እንዳይታዩ አደረገ። እገዳው የካናዳ ጋዜጦችን ብቻ ሳይሆን የውጭ አገር የዜና አውታሮችንም የሚያጠቃልል ነበር። እንግዲህ ጠቡ በኦታዋና በካሊፎርኒያ መካከል ሆኖ ሳለ፣ ቶሮንቶ ወይም ኤድመንተን ተቀምጦ ስለ ጎንደርና ስለ ነቀምቴ ለማወቅ የሚጓጓው ወገናችን መሐል ተቀረቀረ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባል የለ? ያን ጊዜ የድረ ገጹን አድራሻ የሚያውቅ ሰው ምንም አልጎደለበትም። በፌስቡክ በኩል ብቻ የለመደው ግን ዜናው የት እንደገባ ሳያውቅ ቀረ።

«ታዲያ አፕ ሠርተን አፕል ስቶርና ጉግል ፕሌይ ላይ እናስቀምጠው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን መደብሮቹም በር ጠባቂ አላቸው። በዲሴምበር 2016 አፕል በቻይና ባለሥልጣናት ጥያቄ የኒውዮርክ ታይምስን አፕ ከቻይናው መደብሩ አወረደ። በሴፕቴምበር 2021 ሩሲያ ውስጥ የፓርላማ ምርጫ ድምፅ መስጠት በተጀመረበት ዕለት አፕልና ጉግል የአሌክሴ ናቫልኒ ደጋፊዎች ያዘጋጁትን የምርጫ አፕ ከመደብሮቻቸው አነሱት። ኩባንያዎቹ እዚያ ባሏቸው ሠራተኞች ላይ የክስ ዛቻ ደርሶ እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ኒውዮርክ ታይምስን የሚያህል ተቋም ከመደብር የሚወርድ ከሆነ፣ በአምስት በጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስ የስደት ድረ ገጽ ምን ያህል ይቆማል?

የገንዘቡ ነገርም አለ። በ2011 የለንደኑ ፋይናንሺያል ታይምስ አፕል ከአንባቢ ክፍያ 30 በመቶ ልውሰድ ሲለው አልስማማም ብሎ ከመደብሩ ወጣ። በምትኩ አንባቢው ከራሱ ከጋዜጣው ድረ ገጽ በቀጥታ ስልኩና አይፓዱ ላይ የሚተክለውን አዘጋጀ። ጋዜጣው ከዓመታት በኋላ ወደ መደብሩ ቢመለስም፣ ያለ መደብርም መኖር እንደሚቻል ያሳየው በዚያ ወቅት ነው።

አሮጌ ሐሳብ፣ አዲስ ልብስ

ድረ ገጽን በዴስክቶፕ ማስቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም። ጥንት በዊንዶውስ 98 ዘመን እንኳ ከአድራሻው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት በማውዝ ጎትቶ ዴስክቶፕ ላይ መጣል ይቻል ነበር። የሚከፈተው ግን ያው የተለመደው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር። ድረ ገጹን በራሱ መስኮት የመክፈት ሙከራ ጎልቶ የወጣው በ2007 ሞዚላ ፕሪዝም የተባለውን ፕሮግራም ሲያስተዋውቅ ነው። በሴፕቴምበር 2008 ጉግል የክሮም ብራውዘርን ሲያወጣ ይህ ችሎታ ከመጀመሪያው አብሮት ነበር።

የሚገርመው የአፕል ታሪክ ነው። የመጀመሪያው አይፎን ሊሸጥ ቀናት ሲቀሩት፣ በጁን 2007፣ ስቲቭ ጆብስ ለአፕ ሠሪዎች የነገራቸው በሳፋሪ ብራውዘር ላይ የሚሠሩ የድረ ገጽ አፖችን እንዲያዘጋጁ ነበር። ዛሬ የምናውቀው መደብር የመጣው በዓመቱ፣ በጁላይ 2008 ነው። መደብሩ ገንዘብ ማፍሰስ ሲጀምር የድረ ገጽ አፕ እንደ እንጀራ ልጅ ተቆጠረ። በ2015 የጉግሉ አሌክስ ራስልና ዲዛይነሯ ፍራንሲስ በሪማን «ፕሮግሬሲቭ ዌብ አፕ» የሚል ስም አወጡለትና ነፍስ ዘራ። አይፎን ላይ የተተከለ ድረ ገጽ እንደ ማንኛውም አፕ የማሳወቂያ መልእክት እንዲልክ የተፈቀደለት ግን ገና በማርች 2023 ነው።

በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ አፕል የአውሮፓ ኅብረት ባወጣው አዲስ የውድድር ሕግ ምክንያት፣ በኅብረቱ አገሮች ውስጥ ድረ ገጽን እንደ አፕ አይፎን ላይ መትከል እንደሚያስቀር ገለጸ። ምልክቱ ይቀመጣል፣ ሲጫኑት ግን እንደ ተራ ገጽ ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል ማለት ነው። የሙያው ሰዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም ማጣራት ጀመረ። በማርች 1 ቀን 2024 አፕል ውሳኔውን ሻረ። ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም ያሉ አንባቢዎቻችን ዛሬ በአይፎናቸው ላይ ድረ ገጽ እንደ አፕ መትከል የቻሉት ያ ጩኸት ስለተሰማ ነው። አቤት ማለት ፋይዳ የለውም ለሚሉን ወገኖች ይህችን እናስታውሳቸው።

አተካከሉ

በኮምፒውተር ላይ ክሮም የሚጠቀም ሰው መጀመሪያ የሚፈልገውን ድረ ገጽ አድራሻ ራሱ ጽፎ ይክፈት። ከዚያ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ሲጫን ከሚዘረዘሩት መሐል «ካስት፣ ሴቭ፣ ኤንድ ሼር» የሚል ያገኛል። በዚያ ሥር «ኢንስቶል ፔጅ አዝ አፕ» የሚለውን መምረጥ ነው። ድረ ገጹ አስቀድሞ ለዚህ ከተዘጋጀ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአድራሻው መስመር በስተቀኝ ጫፍ የኮምፒውተር ስክሪንና ወደ ታች የምታመለክት ቀስት የያዘች ትንሽ ምልክት ብቅ ትላለች፤ እርሷን መጫን ይበቃል። በማይክሮሶፍት ኤጅም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ «አፕስ» የሚለውን መፈለግ ነው፤ በአንዳንዱ እትም «ሞር ቱልስ» ከሚለው ሥር ተሸሽጓል። ማክ ኮምፒውተር ያላችሁ፣ በ2023 ከወጣው ሶኖማ ከተባለው እትም ጀምሮ ሳፋሪን ከፍታችሁ «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «አድ ቱ ዶክ» የሚለውን ትመርጣላችሁ። ፋየርፎክስ የጀመረውን ሙከራ በ2021 ጥሎት ነበር፤ በሴፕቴምበር 2025 በወጣው 143ኛ እትም ግን ለዊንዶውስ ተጠቃሚዎች መልሶታል።

ስልክ ላይ ከዚህም ይቀላል። በአይፎን፣ ቀስቷ ወደ ላይ የወጣችውን ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ተጭኖ «አድ ቱ ሆም ስክሪን» የሚለውን መምረጥ፤ በአንድሮይድ ደግሞ በክሮም ሦስት ነጥቦች ውስጥ ያንኑ ቃል መፈለግ። በተለይ ሪያድ፣ ቤሩት ወይም ዱባይ ሆነው ኮምፒውተር ለሌላቸውና የስልካቸው ማኅደር በፎቶና በቪዲዮ ለተጣበበባቸው እህቶቻችን ይህ ጥሩ ነገር ነው። ከመደብር የሚወርድ አፕ ብዙ ቦታ ሲወስድ፣ በዚህ መንገድ የተተከለ ድረ ገጽ የሚይዘው ቦታ እጅግ ትንሽ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። አብዛኛው ብራውዘር ምልክቱን ሲተክሉ ስሙን እንዲያስተካክሉ ሳጥን ይከፍትልዎታል። እዚያ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። «የአገር ቤት ዜና» ብላችሁ ሰይሙት። እንግሊዝኛ ለማያነቡ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሚኒያፖሊስ ከልጆቻቸው ጋር ለሚኖሩ እናትና አባት፣ በገዛ ፊደላቸው የተጻፈ አንድ ምልክት ስክሪኑ መሐል ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አሥር ደቂቃ ወስዶ ይህንን ያደረገላቸው ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ «ያቺን ነገር ክፈትልኝ» ከሚል ልመና ይገላግላቸዋል። የአማርኛ ገጽ ለማንበብ መጀመሪያ ፎንት ማውረድ፣ ያም ካልሠራ ባዶ ሳጥን እያዩ መሳቀቅ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ይህን አያቃልልም።

ሲተከል «ማሳወቂያ ልላክልዎ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ይኖራል። የእኛ ምክር ለጊዜው እምቢ እንድትሉ ነው። የአገራችን የዜና ገጾች «ሰበር ዜና» የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚወዱት እናውቃለንና፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትላንትናውን መግለጫ ሰበር ነው ብለው ሊቀሰቅሷችሁ ይችላሉ።

የማይሠራው ነገር

አሁን አንድ የተሳሳተ ተስፋ እንዳይፈጠር እንግለጽ። ድረ ገጽን ዴስክቶፕ ላይ መትከል እገዳን አይሰብርም። ከምርጫ 97 በኋላ፣ ከሜይ 2006 ጀምሮ፣ የኢሕአዴግ መንግሥት በውጭ የሚዘጋጁ ድረ ገጾችንና ብሎጎችን አገር ቤት ውስጥ እንዳይከፈቱ ማድረጉ የሚታወስ ነው። ያ አፈና ከሞላ ጎደል አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በጁን 2018 መንግሥት 264 ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንዲከፈቱ መደረጉን አስታወቀ። በእነዚያ ዓመታት አዲስ አበባ ያለ ሰው የታገደ ድረ ገጽ ምልክት ዴስክቶፑ ላይ ቢኖረው ኖሮ ሲጫነው የሚያየው ያንኑ ነጭ ገጽ ነበር። ምልክቱ የሚሄደው በዚያው የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ነውና። እገዳ የሚታለፈው በቪፒኤን ወይም በቶር ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ርእስ ነው።

ይሁን እንጂ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ከፌብሩዋሪ 2023 እስከ ጁላይ 2023፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተነሳውን ችግር ተከትሎ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል በኢትዮጵያ ታግደው ነበር። ያን ጊዜ የታፈኑት ማኅበራዊ መድረኮች ነበሩ፤ አንባቢውን በእነርሱ በኩል ብቻ የሚያገኝ የዜና አውታር ሁሉ አብሮ ታፈነ። የራሱ በር ያለው ግን ቢያንስ አንድ በር ቀርቶለታል።

ሁለተኛው ጥቅም ጭራሽ ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ የሚታይ ነው። በትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ መስመሩ በጅምላ ሲቋረጥ አይተናል። በሚገባ የተዘጋጀ ድረ ገጽ «ሰርቪስ ዎርከር» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አብሮት ይተከላል። ይህ ፕሮግራም አንባቢው መስመር ባለበት ጊዜ የከፈታቸውን ጽሑፎች፣ ባለቤቱ ከፈለገም የዕለቱን ዋና ዋና ዜናዎች፣ በዚያው ኮምፒውተር ወይም ስልክ ውስጥ ያስቀምጣል። መስመሩ ከተቆረጠም በኋላ ምልክቱ ሲጫን የተቀመጠው ጽሑፍ ይከፈታል። አዲስ ዜና አይመጣም፤ ያለው ግን አይጠፋም። እስከምናውቀው ድረስ ይህን ያዘጋጁ የአማርኛ የዜና ገጾች ጥቂት ናቸው። ለምን? ለቪዲዮ ማስታወቂያ የሚውለው ድካም ሲሶው ለዚህ ቢውል በቂ ነበር።

የጎደለው መስመር

ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ። ድረ ገጽ እንደ አፕ ሲከፈት የአድራሻ መስመሩ እንደሚጠፋ ከላይ ተናግረናል። ለማንበብ ያምራል። ነገር ግን ያ መስመር ጌጥ አልነበረም፤ ያለንበት ቤት የማን እንደሆነ የሚነግረን ብቸኛ ምልክት ነበር። የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ በሐሰት ገጽና በሐሰት ሊንክ ሲታደን የኖረ ማኅበረሰብ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። በማርች 2013 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ እንደ ማጥመጃ አድርጎ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም ሲሰራጭ እንደነበር አጋለጠ፤ የተሰረቀው መረጃ የሚላክበት ኮምፒውተርም በኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። በፌብሩዋሪ 2014 ያው ተቋም፣ የኢሳት ባልደረቦች ቤልጅየምና ቨርጂኒያ ሳሉ በዲሴምበር 2013 በስካይፕ በተላኩ ፋይሎች የሃኪንግ ቲም የስለላ ፕሮግራም እንደተሞከረባቸው ገለጸ። አሜሪካ የሚኖር፣ ኪዳኔ በሚል ስም የቀረበ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሬ ተሰልሏል ብሎ ቢከስም፣ በማርች 2017 የዋሽንግተን ዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤት ባዕድ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ሲል መዝገቡን ዘጋው። ሰላዩ ድንበር ተሻግሮ ይገባል፣ ሕጉ ግን ድንበር ላይ ይቆማል ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለርእሳችን የሚቀርበው በዲሴምበር 2017 የወጣው ዘገባ ነው። ጃዋር መሐመድን ጨምሮ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎችና ሌሎች ተቃዋሚዎች ኢሜይል ይደርሳቸው ነበር። ሊንኩ የሚወስደው ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራውያን የቪዲዮ ድረ ገጽ አስመስሎ ወደተሠራ የሐሰት ገጽ ነው። ገጹ ላይ «ቪዲዮውን ለማየት የአዶቢ ፍላሽ ፕሮግራምዎን ያድሱ» የሚል ይወጣል። ያወረደው ሰው ያወረደው ፍላሽ ሳይሆን ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን ሰላይ ነበር። የሐሰቱ ገጽ ከእውነተኛው የሚለየው በምን ነበር? በአድራሻው መጨረሻ ላይ ባለች የጥቂት ፊደላት ልዩነት ብቻ! አድራሻውን ልብ ብሎ ያየ ዳነ፤ ያላየ ተጠመደ።

አሁን ያቺ መስመር በሌለችበት መስኮት ውስጥ ይህ ቢደገም ብላችሁ አስቡት። ያም ቢሆን መላምት ብቻ አይደለም። በኦገስት 2024 ኢሴት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ፣ በቼክ፣ በሃንጋሪና በጆርጂያ የባንክ ደንበኞች ላይ የተፈጸመ ማጭበርበር ይፋ አደረገ። አጭበርባሪዎቹ በስልክ ጥሪ፣ በአጭር መልእክትና በፌስቡክ ማስታወቂያ ሰውን ወደ ሐሰተኛ ገጽ እየጠሩ «አፑን እዚህ ይትከሉ» ይሉታል። የሚተከለው የባንኩን ዓርማ የለበሰ ድረ ገጽ ነው። ከመደብር ስላልመጣ የመረመረው የለም፤ የአድራሻ መስመር ስለሌለው ማንነቱን የሚያጋልጥ ነገር የለም። ሰዎች የይለፍ ቃላቸውን በገዛ እጃቸው ጻፉለት። ባንክን ለማስመሰል የሠራ ዘዴ ኢሳትን ወይም ሌላ የምናምነውን ገጽ ለማስመሰል የማይሠራበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ የሚተክለው አንባቢው ራሱ ነው፤ ያውም አድራሻውን ራሱ ጽፎ በከፈተው ገጽ ላይ። በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል «አዲሱ አፓችን መጥቷል፣ ይትከሉ» ተብሎ የሚላክ ሊንክ፣ የላከው የአጎት ልጅም ቢሆን፣ አይነካም። የአጎት ልጅም ተታሎ ሊልክ ይችላልና። ከተተከለ በኋላም ቢሆን የዜና ገጽ ያለ ምክንያት የይለፍ ቃል፣ የካርድ ቁጥር ወይም «አዲስ ፕሮግራም አውርዱ» ካለ መስኮቱን ዘግቶ በተራ ብራውዘር አድራሻውን ጽፎ መግባት ነው። በክሮምና በኤጅ የተተከለ ገጽ ላይ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ቢጫኑ ገጹ ከየትኛው አድራሻ እንደመጣ ይናገራሉ። ከመስኮቱ ላይ ሆኖ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ሲሻገሩ ደግሞ አዲሱን አድራሻ የምታሳይ ቀጭን መስመር ከላይ ብቅ ትላለች። ያቺ መስመር ስትመጣ ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ስለ ዓይን ነው። ተራ ገጽ አንብበው ታሪኩን ቢሰርዙ ይጠፋል። የተተከለ ምልክት ግን ስክሪን ላይ ቁጭ ብሎ «ባለቤቴ ይህን ያነባል» እያለ ይመሰክራል። በአፕሪል 2014 የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ሲታሰሩ በኮምፒውተር ደኅንነት ላይ መሠልጠናቸው ራሱ በክሱ ውስጥ እንደ ወንጀል ተጠቅሶ እንደነበር አንዘነጋም። ስለዚህ በቦሌ በኩል ወደ አገር ቤት የሚገባ ሰው፣ ወይም በአረብ አገር አሠሪዋ ስልኳን የምትፈትሽባት እህት፣ ከጉዞው ወይም ከፍተሻው በፊት ምልክቱን ማንሳት አለባት። ሲነሳ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ምስል ወደ ቆሻሻ መጣያ መወርወር ብቻ አይበቃም፤ ያ አቋራጩን እንጂ አፑን አያነሳውም። ገጹን ከፍቶ በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ «አንኢንስቶል» ማለት ነው። ክሮም በዚያው ጊዜ የገጹን መረጃ ጭምር ላጥፋ ወይ ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ሳጥኗ ውስጥ ምልክት አድርጎ አዎን ማለት ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ለመስመር መቆረጥ ተብሎ የተቀመጠው ጽሑፍ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ለድረ ገጽ ባለቤቶች

ከዚህ በኋላ ያለው የአንባቢ ሳይሆን የአዘጋጆች የቤት ሥራ ነው። ድረ ገጹ በሚገባ እንዲተከል ከተፈለገ ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ የተመሰጠረ ግንኙነት፣ ስሙንና ምልክቱን የሚናገር «ማኒፌስት» የተባለ የጥቂት መስመር ፋይል፣ ከላይ የጠቀስነውም ሰርቪስ ዎርከር። ዎርድፕረስ ለሚጠቀሙ ይህን የሚሠሩ ነፃ ተቀጥላዎች አሉ። ምልክቱን ግን እባካችሁ ልዩ አድርጉት። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ላይ ካርታ ወይም አንበሳ ያልለጠፈ የኢትዮጵያውያን ድረ ገጽ የለም ማለት ይቻላል፤ በአንዲት የጥፍር መጠን ባላት ምልክት ላይ አንዱን ከሌላው ለመለየት መነጽር ያስፈልጋል።

ዋናው ነገር አድራሻው ነው። የተተከለው ምልክት የታሰረው ከድረ ገጹ ስም ጋር አይደለም፤ ከአድራሻው ጋር ነው። በስደት ፖለቲካችን ድርጅት ሲሰነጠቅ ድረ ገጹም አብሮ ይሰነጠቃል፤ የይለፍ ቃሉን የያዘው ወገን አሮጌውን አድራሻ ይዞ ይቀራል፣ ሌላው ወገን አዲስ ይከፍታል። አንዳንዱ ደግሞ የአድራሻውን ዓመታዊ ክፍያ መክፈል ረስቶ ያጣዋል። ጊዜው ያለፈበት አድራሻ ለገበያ ይቀርባል፤ ማንም ሊገዛው ይችላል፤ ጠላትም ጭምር። ያን ቀን በሺህ የሚቆጠሩ አንባቢዎች ዴስክቶፕ ላይ ያለው ምልክት፣ አድራሻ በማያሳይ መስኮት፣ የአዲሱን ባለቤት ገጽ ይከፍታል። አንባቢው የሚያየው ያንኑ የለመደውን ምስል ነው።

ስለዚህ አድራሻው በአንድ ግለሰብ ስም ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፤ ክፍያው በራሱ እንዲታደስ ይደረግ፤ የይለፍ ቃሉን ከአንድ በላይ የቦርድ አባል ይወቀው። አድራሻ የሚቀይር ድረ ገጽም አዲሱን ሲከፍት አሮጌውን አይልቀቅ። እዚያ ላይ «ወደዚህ ተዛውረናል፣ አሮጌውን ምልክት አንሥታችሁ አዲሱን ትከሉ» የሚል ማስታወቂያ አኑሮ ለጥቂት ዓመታት እየከፈለ ያቆየው። የአብዛኛው አድራሻ ክፍያ በዓመት ከአንድ የምግብ ቤት ክትፎ አይበልጥም።